የባቡር ተሳፋሪዎች ማኅበር ግቢ አሉኝ፤ ይጠቅማል ወይስ ሻይ መጠጫ ነው?

እመ ናሆም

ሰላም ለዚህ ቤት። እንግሊዝ ያላችሁ፣ በተለይ ከለንደን ራቅ ብላችሁ የምትኖሩ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

እኔ ያለሁት ሰሜን እንግሊዝ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም። እዚህ ያለነው ሐበሾች በጣት የምንቆጠር ስለሆንን ወዲያው ታውቁኛላችሁ። የምሠራው ኬር ሆም (መንከባከቢያ ቤት) ነው። መኪና የለኝም፤ መንጃ ፈቃዱን ጀምሬ ገና ቲዎሪው ላይ ነኝ። እስከዚያ ኑሮዬ ሁለት ፉርጎ ባላት አንዲት ባቡር ላይ ተንጠልጥሏል።

ቀን ሺፍት ስገባ የምይዘው የማለዳዋን የመጀመሪያ ባቡር ነው፤ በእኛ ሰዓት 12 ሳይሞላ የምትነሳውን። አንዳንዴ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ትቀራለች። ሰሌዳው ላይ ካንስል ተደርጓል የሚል ይወጣል። ምክንያቱ ሁሌም «የባቡር ሠራተኛ እጥረት» ነው። ቀጣይዋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ናት። አለቃዬ መጀመሪያ ላይ ታዝንልኝ ነበር። አሁን አሁን «ለምን ቀደም ያለውን አትይዢም?» ትለኛለች። ቀደም ያለ የለም እኮ! የመጀመሪያው ማለት የመጀመሪያው ነው።

እሑድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ያለው ትልቁ ከተማ ነው። ናሆምን ለማቁረብ ቅዳሴ ሳይገባ መድረስ አለብኝ። የእሑድ የመጀመሪያ ባቡር ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚነሳው። ወደዚያ የሚሄደው ባቡር የሚቆመውም ማዶ ነው። መሻገሪያው የብረት ድልድይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ልጁን ከነጋሪው ተሸክሜ፣ ነጠላዬ ከኋላ እየተጎተተ ደረጃውን ስወጣ ብታዩኝ ትስቃላችሁ። ሲዘንብ ግን አያስቅም። ጣቢያው ላይ አንድም ሠራተኛ የለም። ካሜራ አለ፣ የትኬት ማሽን አለ፣ በቃ።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴትዮ ፕላትፎርሙ ላይ በራሪ ወረቀት ሰጠችኝ። የመስመራችን ተሳፋሪዎች ማኅበር ነው። መዋጮው በዓመት ጥቂት ፓውንድ ነው። ስብሰባቸው ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው። «እንደ አንቺ ዓይነት ሰው እንፈልጋለን» አለችኝ። እንደ እኔ ዓይነት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እውነቱን ለመናገር ስብሰባ ሲባል ትዝ የሚለኝ ቀበሌ ነው። ተቀምጠው ይለፈልፋሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፣ አበል ይከፈላል፣ ያበቃል። እነዚህ ሰዎች እውነት የሚለውጡት ነገር አለ? ደግሞ ቪዛ ላይ ነኝ። መንግሥትን የሚተች ማኅበር ውስጥ ስሜ ቢገባ ወረቀቴ ላይ ችግር አያመጣብኝም? እንግሊዝኛዬም ለሥራ የሚበቃ ነው እንጂ ለክርክር አይሆንም። የምታውቁ ምከሩኝ።

ታዛቢው

እህቴ፣ ጊዜሽን አታባክኚ። እነዚህ ማኅበራት የጡረተኛ መሰብሰቢያ ናቸው። ባቡር ፎቶ ማንሳት የሚወዱ ሽማግሌዎች ብስኩት እየበሉ ስለ ድሮ ሞተር ያወራሉ። ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት! ሥራ ያለው ሰው በዚያ ሰዓት የት ነው ያለው?

የሚዘጋውን ይዘጋሉ፣ የሚሰርዙትን ይሰርዛሉ። ከላይ የተወሰነውን ከታች ያለ ማኅበር ሲያስቆም አይቼ አላውቅም። ባቡሩ በዘገየ ቁጥር ካሳሽን ጠይቂ፣ ብሩን ሰብስቢ፣ መንጃ ፈቃድሽን ቶሎ ጨርሺ። ለእሑዱ ጎረቤት ለምኚ።

የከዚራው

እመ ናሆም፣ ቶሎ ግቢ። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ።

መጀመሪያ ከወረቀቱ ጭንቀት ልገላግልሽ። ማኅበሩ ፓርቲ አይደለም። የሚጠይቁሽ ስምሽን፣ አድራሻሽንና መዋጮሽን ነው። ፓስፖርት የሚያይ የለም። በስኪልድ ወርከር (የሠራተኛ) ቪዛ ያለ ሰው በበጎ ፈቃድ መሥራት እንደሚችል ራሱ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ተጽፏል። ለአካባቢሽ የፓርላማ አባል ለመጻፍም ዜግነት አያስፈልግም፤ ቤትሽ በእሱ ክልል ውስጥ መሆኑ ይበቃል። ፓርላማው ድረ ገጽ ላይ የሚወጣውን ፔቲሽንም (የፊርማ አቤቱታ) የአገሩ ነዋሪ ሁሉ መፈረም ይችላል። 10,000 ፊርማ ሲሞላ መንግሥት መልስ ይሰጣል፤ 100,000 ሲሞላ ለክርክር ይታያል። ስለዚህ በዚህ በኩል እንቅልፍሽን ተኚ።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር። ሊቶሪና የምንላት ባቡር ስትገባ ከዚራ ሰፈር ያለ ሕፃን ሁሉ ይሰማል። እንግዲህ በዚያ ያደገ ሰው ባቡር ሲቀርበት ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም አቦ። የመስመሬ ማኅበር ውስጥ ከገባሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ።

ታዛቢው ጡረተኞች ናቸው ያልከው ልክ ነው። ብስኩቱም አለ። ሰብሳቢያችን ድሮ የሲግናል ሠራተኛ ነበር፤ የሰዓት ሰሌዳውን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ይህ ምን ያደርጋል እንዳትል። አንድ ጊዜ ከባቡር ድርጅቱ አንዲት ወጣት ኃላፊ መጣች። የምሽቱ ባቡር እኛ ጣቢያ ላይ ለምን እንደማይቆም አስረዳችን። «ለመቆም ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ሁለት ደቂቃ ደግሞ የለንም» አለች። ስላይድ ሁሉ ይዛ ነበር። ሰውዬው መነጽሩን እንኳ አላደረገም። «ቀጥሎ ባለው መገናኛ ላይ ሌላ ባቡር እስኪያልፍ አራት ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለቱን እዚህ ይቁምልን» አላት። ላፕቶፗን ከፍታ አየች። ቆየች። ከዚያ «ይዤው እሄዳለሁ» አለች። አሁን ባቡሩ ይቆማል።

ያ ስብሰባ ብዙ አስተምሮኛል። «ባቡራችሁ አይረባም» ብትያቸው አዝነው፣ ይቅርታ ጠይቀው ይሸኙሻል። ይቅርታ እዚህ አገር ርካሽ ነው። የትኛው ባቡር፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ በየትኛው ፕላትፎርም፣ ምን ይደረግ ካልሽ ግን አዎ ወይም አይ ማለት ግድ ይሆንባቸዋል። አይ ካሉም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ለፓርላማ አባሉ የምትወስጂው ያንን ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሴትዮዋ «እንደ አንቺ ዓይነት» ያለችሽ ክፉ አስባ አይመስለኝም። እነዚህ ሰዎች ባቡር የሚይዙት ቁርሳቸውን በልተው፣ የቅናሽ ካርዳቸው መሥራት ሲጀምር ነው። የማለዳዋን ባቡር አንዳቸውም አያውቋትም። ስትቀር ብርድ ላይ የሚቆመው ማን ነው? የኬር ሠራተኛ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ የመጋዘን ልጆች። እኛ ማኅበር ውስጥም ለረጅም ጊዜ ስለ ጠዋት ሲወራ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት ነበር። ስለዚህ እነሱ የሌላቸውን ይዘሽ ነው የምትገቢው። እንግሊዝኛሽ ስለ ባቡሯ ካወራሽ ይበቃል፤ ክርክሩን ለእነሱ ተዪላቸው፣ ይወዱታል።

አንድ ደብተር ግዢ። ባቡሯ በቀረች ቁጥር ቀኑን፣ ሰሌዳው ላይ የወጣውን ምክንያት፣ ፕላትፎርሙ ላይ ስንት ሰው እንደነበር ጻፊ። ሰሌዳውን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ሰዉን መቁጠሩ ነገር አለው። ኦፊስ ኦቭ ሬል ኤንድ ሮድ የሚባለው ተቆጣጣሪ በየዓመቱ እያንዳንዱ ጣቢያ ስንት ሰው እንደተጠቀመበት ያወጣል። ያ ቁጥር ግን በዋናነት ከትኬት ሽያጭ የሚሰላ ግምት ነው። የትኬት ማሽኑ ተበላሽቶ፣ ጠያቂም ጠፍቶ ሳይከፍሉ የሚሄዱት እዚያ ውስጥ የሉም። ከዚያ «ጣቢያችሁ ተጠቃሚ የለውም» ይሏችኋል። እኛ በዓመት አንድ ቀን ተራ ገብተን ከማለዳ እስከ ማታ እንቆጥራለን። በአውራ ጣት የምትጫን ትንሽ የብረት መቁጠሪያ አለች፤ ሰው ሲወርድ ጠቅ፣ ሲሳፈር በሌላኛው እጅ ጠቅ። ክረምት ላይ ጓንት ያስፈልጋል፤ በጓንት ደግሞ ሁለቴ ትጫናለች። ጭቅጭቁ እዚያ ነው።

የሰዓት ሰሌዳ በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ በግንቦትና በታኅሣሥ፣ በእነሱ ሜይና ዲሴምበር። ዝግጅቱ ግን ከብዙ ወር በፊት ነው የሚያልቀው። ኖቬምበር ላይ ተነስተሽ ለዲሴምበር ለውጥ ብትጠይቂ ምግቡ ቀርቦ ጨው እንዲቀነስ መጠየቅ ይሆንብሻል። ማኅበሩ መቼ እንደሚጠየቅ ያውቃል። ከደብዳቤሽ ይዘት ይልቅ አንዳንዴ የደረሰበት ወር ይበልጣል።

ስለ ድልድዩ ግን አልዋሽሽም። ሊፍት ረጅም ነው። ሐዲዱና አብዛኛው ጣቢያ የኔትወርክ ሬል ንብረት ነው፤ ባቡር ድርጅቶቹ ተከራይተው ያስተዳድሩታል። ለሊፍትና ለመወጣጫ የሚሆን አክሰስ ፎር ኦል የሚባል የመንግሥት ገንዘብ ከ2006 ጀምሮ አለ (የፈረንጆቹን ነው የምቆጥረው)። ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ ካውንስሉም፣ የፓርላማ አባሉም፣ ባቡር ድርጅቱም አንድ ላይ መግፋት አለባቸው። ሊፍቱ እስኪመጣ ናሆም ጋሪውን ጥሎ ድልድዩ ላይ ይሮጥብሻል። ቢሆንም ጠይቂ፤ ከኋላሽ የምትመጣ እናት አለች። እስከዚያ በቶሎ የሚሆነውን አስጨርሱ። ደረጃው ጫፍ ላይ የማያንሸራትት ንጣፍ፣ የጠፋው አምፖል፣ ዝናብ የማያስገባ መጠለያ። እነዚህ በወራት ውስጥ ሲደረጉ አይቻለሁ።

እሑድን ደግሞ ለብቻው አንሽው። በአንዳንድ ድርጅቶች እሑድ በሾፌሩ መደበኛ የሥራ ሳምንት ውስጥ አይቆጠርም። ፈቅዶ በትርፍ ሰዓት ከመጣ ባቡሩ ይሄዳል፣ ካልመጣ ይቀራል። የሐዲድ ጥገናም የሚጫነው እሑድ ላይ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ፈልገሽ እንደሆነ ስትነግሪያቸው ያዝኑልሻል እንጂ ባቡር አይጨምሩልሽም። እሑድ ሺፍት የሚገቡትን የሥራ ባልደረቦችሽን ጨምሪባቸው። ኬር ሆሙ ራሱ «ሠራተኞቻችን እሑድ በሰዓቱ መድረስ አልቻሉም» ብሎ አንድ ገጽ ቢጽፍ ከመቶ ፊርማ ይበልጣል። የአሠሪ ደብዳቤ ይፈራል። እኛ የማታውን የመጨረሻ ባቡር ያስገፋነው በዚህ ነው። ሆስፒታሉ ሺፍት የሚቀይርበት ሰዓትና ባቡሩ የሚነሳበት ሰዓት ተላልፈው፣ ነርሶቹ እየሮጡ መጥተው የባቡሩን ኋላ መብራት ያዩ ነበር። ፊርማ ስናሰባስብ ማንም አልሰማንም። ሆስፒታሉ በራሱ ወረቀት ሲጽፍ ግን ሰሙ።

ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት አይመችሽም፤ ግልጽ ነው። ይህንኑ ጽፈሽ ላኪላቸው። የመጀመሪያ ጥያቄሽ የስብሰባው ሰዓት ይሁን።

ታዛቢው

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሁለት ደቂቃ ማስቆምና መጠለያ ማሠራት ሌላ፣ የመንግሥትን ውሳኔ ማስቀልበስ ሌላ። የሁለተኛው ምሳሌ ካለዎት ያምጡ።

የከዚራው

አለኝ አቦ። ጠየቅከኝ እንግዲህ፣ ታነባለህ።

ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ከሴትል እስከ ካርላይል የሚሄደውን መስመር ሰምተህ ይሆናል። በ1876 ለመንገደኛ የተከፈተ ነው። ሪብልሄድ ላይ 24 ቅስት ያለው ትልቅ የድንጋይ ድልድይ አለው። በ1980ዎቹ ብሪቲሽ ሬል የሚባለው የያኔው የመንግሥት ባቡር ድርጅት ድልድዩ አርጅቷል፣ ጥገናው አይቻልም ብሎ መስመሩን ሊዘጋ ተነሳ። ተሳፋሪዎቹ አስቀድመው በ1981 የመስመሩ ወዳጆች ብለው ተደራጅተው ነበር። መስመር ሊዘጋ ሲል ተጠቃሚው መቃወሚያ የማስገባት መብት ነበረው። ወደ 22,000 መቃወሚያ ገባ። ከእነዚህ አንዱ የውሻ ነው! ራሰፕ የሚባል ውሻ ነበር፤ ጌታው ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ነው። ለውሻው ትኬት ይቆረጥለት ስለነበር ከፍሎ የሚሄድ ተሳፋሪ ነው ተባለና የእግሩ አሻራ እንደ ፊርማ ተቆጠረለት። ዛሬ ጋርስዴል ጣቢያ ብትወርድ የነሐስ ሐውልቱን ታየዋለህ።

ከውሻው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ለመዘጋት ቀን የሚጠብቀውን መስመር ሰዎቹ በመንገደኛ ሞሉት። በ1970 ተዘግተው የነበሩ ትንንሽ ጣቢያዎች በ1986 እንደገና ተከፈቱ። ተጠቃሚ የለውም የሚለው ክስ ፈረሰ። ድልድዩም ከተፈራው በጣም ባነሰ ገንዘብ ተጠገነ። ኤፕሪል 1989 ላይ የዚያን ጊዜው የትራንስፖርት ሚኒስትር ዴኤታ ማይክል ፖርቲሎ መስመሩ አይዘጋም አለ። በማርጋሬት ታቸር ዘመን ነው ይህ የሆነው፤ ባቡር የማይወድ መንግሥት በነበረበት ጊዜ።

ቅርብ ጊዜ ካልክ ደግሞ 2023ን አስታውስ። በእንግሊዝ ያሉትን አብዛኞቹን የትኬት መሸጫ ቢሮዎች ሊዘጉ ነበር። ሕጉ ሕዝቡ እንዲጠየቅ ያስገድዳል። ትራንስፖርት ፎከስና ለንደን ትራቭልዎች ለሚባሉት የተሳፋሪ ተቆርቋሪ ድርጅቶች ወደ 750,000 ምላሽ ደረሳቸው። ሁለቱም ተቃወሙ። ኦክቶበር 31 ላይ መንግሥት ዕቅዱን ጣለው። እኛም የድርሻችንን ጽፈናል። ዓይነ ስውር የሆነ አባላችን ማሽኑ ፊት ቆሞ ትኬት ለመግዛት ሲሞክር የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ አስመዘገብነው። የንክኪ ስክሪን ለእሱ ጠፍጣፋ መስታወት ነው።

ኒውካስል አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ይህን በዓይናችሁ አይታችኋል። አሺንግተን በ1964 የመንገደኛ ባቡር አጣች። ሐዲዱ ግን አልተነቀለም፤ ጭነት ይሄድበት ነበር። በ2005 የአካባቢው ተሳፋሪዎች ማኅበር አቋቁመው ይመለስልን ማለት ጀመሩ። ዲሴምበር 15 ቀን 2024 ባቡሩ ተመለሰ። ስንት መንግሥት ተቀያየረ፣ ስንት ሚኒስትር መጣ ሄደ፤ እነሱ ያንኑ ወረቀት ይዘው ይጠብቁ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ሌቨንም በ1969 ተዘግታ በ2024 ተከፈተች፤ እዚያም የአካባቢው ሰው ዘመቻ ነበረ። ገንዘቡን ያወጣው መንግሥት ነው፣ አዎ። ግን ገንዘብ ሲገኝ መንግሥት የሚያነሳው ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶ የቆየውን ነው።

ያልተሳካላቸውም ሞልተዋል። ፊርማቸውን እንደያዙ ያረጁ ማኅበራት አሉ። ከሞቱት ይልቅ የሠሩትን ነው የጠየቅከኝ።

የቡልቡላው

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ገባ ብዬ ልረብሻችሁ። ጋሼ፣ ይህን እዚህ ብናደርገውስ? ቀላል ባቡሩ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ከተማው ሁሉ ተደስቶ ነበር። ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ፣ 39 ጣቢያ። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸውን ኃላፊዎቹ ራሳቸው በሚዲያ ተናግረዋል። ሰው በፌስቡክ ያማርራል፣ ይሰዳደባል፣ ያበቃል። ተሳፋሪ ተደራጅቶ ቢጠይቅ ምን ይላሉ? ወይስ እዚያ የሚሠራው እዚህ አይሠራም?

የከዚራው

የኔ ወንድም፣ እኔ ከወጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው። እዚያ ምን እንደሚያዋጣ ከእኔ አንተ ትሻላለህ። እዚህ ጥያቄህን በሕግ የሚቀበል አካል አለ፤ ማኅበሮቹ ግማሽ ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከዚያ ነው። እዚያ ያ ከሌለ መንገዱ ሌላ ይሆናል።

ግን አንድ ነገር ልበልህ። ከባቡሮቹ አትጀምር። መለዋወጫ የውጭ ምንዛሬ ነው፤ አንተና ጎረቤቶችህ በደብዳቤ አታመጡትም። ከአንድ ጣቢያ ጀምር። ሐዲዱ አብዛኛው ቦታ ላይ የመኪና መንገድ መሀል ለመሀል ነው የሚሄደው። ስለዚህ ተሳፋሪው ፕላትፎርሙ ላይ ለመድረስ መጀመሪያ አስፋልት መሻገር ወይም ደረጃ መውጣት አለበት። በዊልቸር ያለ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ የገበያ ዘንቢል የያዘች እናት በየት በኩል እንደምትገባ አንድ ጣቢያ ላይ ቆመህ እየው። መብራቱ ማታ ይበራል? ሊፍት ካለ ይሠራል? ይህን መርምሮ፣ ፎቶ አንስቶ፣ በጨዋ ቋንቋ ለወረዳም ለባቡር አገልግሎቱም ማስገባት መንግሥት መተቸት አይደለም። አካል ጉዳተኞች ማኅበር ካለ ከእነሱ ጋር ሂዱ፤ ብቻህን አትግባ። የገባበትን ቀንና የተቀበለውን ቢሮ ማህተም ያዝ። ቅጂ የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ ይህ ድሬም ዮርክሻየርም አንድ ነው።

እመ ናሆም

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ! ሌሎቻችሁንም። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ስብሰባው እስኪያልፍ ነው።

ሐሙሱን ፈረቃ ተቀያይሬ ሄድኩ። ብስኩቱ ነበረ (ታዛቢው ይስማ)። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል ጣቢያው ላይ ስላለው የአበባ ሣጥን ተወራና ተነስቼ ልወጣ ነበር። ከዚያ ሰብሳቢዋ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ስትል እጄን አወጣሁና ስለ ማለዳዋ ባቡር ተናገርኩ። ክፍሉ ዝም አለ። አንዱ ሽማግሌ «በዚያ ሰዓት ባቡር አለ እንዴ?» አለ። አላፌዘም፣ እውነት አያውቅም ነበር። ጋሼ እንዳሉት ነው።

ጸሐፊው የቀረችባቸውን ቀኖች ዝርዝር ላኪልኝ ብሎኛል። ከደብተሩ በፊት የነበሩትን ለአለቃዬ ከላክኋቸው የይቅርታ መልእክቶች ነው የለቀምኳቸው፤ ቀናቸው አለ። የስብሰባው ሰዓት ላይ ግን ሳይስማሙ ቀሩ። ማታ ከሆነ መኪና መንዳት የማይችሉ አሉ፤ በባቡር እንዳይመጡ ደግሞ ማታ ባቡር የለም! ይህን ራሳቸው ሲናገሩ ሳቁ። ለጊዜው አንዱን ወር ቀን፣ አንዱን ወር ማታ በቪዲዮ ሊሞክሩት ነው።

ድልድዩን እነሱም ሲጠይቁ ኖረዋል። ፋይሉን አሳዩኝ፤ ወፍራም ነው። ጋሪ ይዤ ስወጣ የሚያሳይ ፎቶ ቢገባበት ጥሩ ነው አሉኝ። ፊቴ እንዳይታይ ከኋላ እንዲነሳ ተስማምቻለሁ።

የእሑዱን ደብዳቤ አለቃዬን ጠይቄያለሁ፤ ለበላይዋ አሳልፋለች። መስመራችን ላይ እሑድ ጠዋት መሄድ የምትፈልጉ ሐበሾች ካላችሁ፣ ለሥራም ይሁን ለቅዳሴ፣ ከየትኛው ጣቢያ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያስፈልጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስም አያስፈልግም።

ታዛቢው

ሊፍቱ ሲመረቅ ጥሩኝ።

የከዚራው

እንጠራሃለን። እስከዚያ ካሳ አጠያየቁን ጻፍላት፤ አንተ ጎበዝ ነህ በዚህ።

ታዛቢው

እሺ። እህቴ፣ ዴሌይ ሪፔይ ነው የሚባለው። አንዳንዱ ድርጅት ከ15 ደቂቃ፣ አንዳንዱ ከ30 ደቂቃ መዘግየት ጀምሮ ይከፍላል፤ ያንቺ የትኛው እንደሆነ ድረ ገጹ ላይ እዪ። የሚቆጠረው መድረሻሽ ላይ የዘገየሽው ነው። ስለዚህ ባቡሯ ተሰርዛ ቀጣይዋን ከያዝሽ የጠፋብሽ ሰዓት በሙሉ ይገባል። ሳምንታዊ ወይም ወርሃዊ ትኬት ካለሽም ይከፈልሻል። በ28 ቀን ውስጥ መጠየቅ አለብሽ። ትኬቱን ከመጣልሽ በፊት ፎቶ አንሺው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ይከፍላሉ፤ በረዶም ይሁን የሠራተኛ እጥረት። በባንክ በኩል ምረጪ፤ ቫውቸር ከላኩልሽ ተመልሶ ትኬት ነው የሚሆንሽ።